ያካፈልኩት ኪኒን

ጨጓራ የሌለበት ሐበሻ አላውቅም። ራሱን ያመመው ጨጓራዬ ነው ይላል፤ ከሚስቱ ጋር የተኳረፈው ጨጓራዬ ተነሳብኝ ይላል፤ ሥራ መሄድ ያስጠላውማ ከአልጋው ሳይወርድ ሆዱን ይዞ ይቃትታል። የኔ ግን የምር ነበር። ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ የኛ ሰው ምግብ ቤቶች ገና በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እኔ ከነሱ በአንዱ ወጥ ሠሪ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ መቆም ጉልበቴን ጨረሰው። ዶክተሩ ለጉልበቴ ማስታገሻ አዘዘልኝ፤ ማስታገሻው ጉልበቴን አስታግሶ ሆዴን አነደደው። አንድ ቀን ምድጃው አጠገብ እንደቆምኩ በላብ ተጠምቄ ዓይኔ ጨለመብኝ። ሐኪም ቤት በመሣሪያ ሲያዩኝ ጨጓራዬ ቆስሏል።

«ማስታገሻውን መተው ካልቻልሽ ጨጓራሽን የሚጠብቅልሽ መድኃኒት አለ፤ ገና በቅርቡ ነው የወጣው» አለኝና ዶክተሩ ወረቀት ጻፈልኝ።

ፋርማሲው ከምግብ ቤታችን ሁለት ብሎክ ነው። ባለቤቱ ሱሪውን በማንገቻ የሚይዝ፣ ቀጠን ያለ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር፤ ወሬ ከጀመረ አይጨርስም። እኔ ደግሞ ምስር ጥጄ ነው የወጣሁት። ከባንኮኒው ዞሮ መጥቶ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና ልክ እንደ ልጅ ያስረዳኝ ጀመር። ከምግብ ጋር ውሰጂ፣ የመጨረሻዋን ስትተኚ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሆድሽን ሊያላላው ይችላል። ያንን ሱቅ የሚሸጠውን ነጭ የጨጓራ ፈሳሽ ሳትጠይቂኝ ከሱ ጋር አትቀላቅዪ። ከጠርሙሱ አታውጪው። ይህን ሁሉ ካለ በኋላ ጎንበስ ብሎ «እርጉዝ ነሽ?» ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሦስት ልጅ ወልጄ ትንሿ ሃይስኩል ገብታለች። እሱ ግን አልሳቀም።

«ለማንም እንዳትሰጪ» አለኝ። «በተለይ ለሴት። እርጉዝ ከዋጠችው ሊያስወርዳት ይችላል፤ ባያስወርዳትም ልጁን ሊጎዳው ይችላል።»

«ኦኬ፣ ኦኬ» አልኩ። ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም። ግን ልቤ ምስሩ ጋ ነበር። አብሮ የሰጠኝን ወረቀት የስልክና የመብራት ደብዳቤ የምወረውርበት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ጠርሙሱ ደግሞ ሽርጤ ኪስ ውስጥ እየተንኳኳ ስላስቸገረኝ ኪኒኖቹን የካሜራ ፊልም በሚመጣበት ጥቁር የፕላስቲክ ዕቃ ገለበጥኳቸው። ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው። እንዲያውም ብልህ መስሎኝ ነበር።

መድኃኒቱ እውነትም አዳነኝ። የመጀመሪያዋን ሳምንት መጸዳጃ ቤት ስመላለስ ከረምኩ እንጂ ከዚያ ወዲያ እንደ ሰው እተኛ ጀመር። ያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን የተገናኙበት ነበር። እኔ ንስሐ አባቴን በስልክ ጠይቄ፣ መድኃኒቱ ከምግብ ጋር ስለሆነ ጠዋት እንድቀምስ ተፈቅዶልኛል። ቢሆንም ሰው ሁሉ እየጾመ ጠዋት ቂጣ መቁረስ ያሳፍራል። ወጥ ቤት ጥግ ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር የምበላው።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ የወሎ ናት፤ በሱዳን አድርጋ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ባሏ ሎንግ ቢች መጋዘን ይሠራል፤ ኪራይ እዚያ ርካሽ ስለሆነ እዚያው ይኖራሉ፤ እሷ በሳምንት ሦስት ቀን በሁለት አውቶቡስ ፌርፋክስ ድረስ ትመጣ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ሎስ አንጀለስ በገቡ በወሩ አንቱታውን ጥለው «አንቺ» ይሉኛል። እሷ ግን «እትዬ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ ላንሳው» ነበር የምትለኝ። በዚህ ብቻ አንጀቴን በላችው።

አንድ ከሰዓት ከፍሪጁ ጀርባ ብስኩት ስትበላ ያዝኳት። ልጅቷ ክው አለች። ጀንበር ስትጠልቅ የወሎ ታክሲ ነጂዎች ሊያፈጥሩ ይመጣሉ፤ ቴምሩንና ሾርባውን የምታቀርብላቸው እሷ ናት፤ «ጾሙ እንዴት ይዞሻል?» ሲሏት አንገቷን ደፍታ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። እና ብስኩቱን አፏ ውስጥ እንደያዘች «ጨጓራዬ ነው እትዬ» አለችኝ። «ሐኪም ከልክሎኝ ነው።»

እኔ ደስ አለኝ! ብቻዬን አይደለሁማ። «በይ ነይ፣ ማኅበር እናቋቁም» አልኳት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለታችን ግድግዳውን እያየን አብረን እንበላ ነበር።

በሌላ ቀን፣ ገና የምሳ ሰው ሳይመጣ፣ ቁሌቱን ሳማስል ልጅቷ አፏን ይዛ ሮጠች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። አስቀመጥኳት፣ ውኃ ሰጠኋት፣ ከሽርጤ ኪስ ጥቁሯን ዕቃ አወጣሁ።

«ምንድነው እትዬ?»

«የጨጓራ። የኔ ነው፣ ፍቱን ነው። ዋጪ።»

«ይቅርብኝ፤ አሁን ይሻለኛል።»

«ምን ይቅርብኝ ብሎ ነገር አለ? እኔን ያዳነ አንቺን ይገድልሻል?»

አልቀበልም እንዳትለኝ ጉረስ አልጎርስም እየተባባልን እንግዳ የምናስጨንቀውን ያህል አስጨነቅኳት። በሞቴ አልኩ። አፈር ስሆን አልኩ። መዳፏን ዘረጋች፤ ኪኒኗን ትንሽ አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ዋጠቻት። አራት ፍሬ ደግሞ በሶፍት ጠቅልዬ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩላትና «ማታ አንዷን ድገሚ፤ ከምግብ ጋር ነው፣ በባዶ ሆድ እንዳታደርጊው» ብዬ መመሪያ ሰጠሁ። ሐኪም ሆኜ አረፍኩት! ያን ቀን እየዘፈንኩ ነው የዋልኩት።

በማግስቱ እሷ ኦፍ ነበረች። እኔ ኪኒኔ ስለጎደለ ጠዋት ወደ ፋርማሲው ሄጄ ሪፊል ጠየቅኩ። ሽማግሌው መዝገቡን አየና «ገና ጊዜው አልደረሰም። ምን አደረግሽው?» አለኝ።

«ሶ፣ አንዲት ልጅ ታማብኝ ሰጠኋት» አልኩ፤ እናቴ ትሙት፣ ምስጋና እየጠበቅኩ ነበር።

መነጽሩን አወለቀ። «ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

«ባል አላት?»

«አላት። ግን እርጉዝ አይደለችም። ጨጓራ ነው ያለባት።»

«ማን ነገረሽ?»

«ራሷ።»

«ታዲያ እርጉዝ አይደለሁም ብላሻለች?»

ሽታ አስጠልቷት የሮጠችው፣ ብስኩቱ፣ የሎሚ ቁራጭ ከጉንጯ የማይጠፋው፣ በምሳ ሰዓት የጤፍ ከረጢት ላይ ራሷን ጥላ የምታንቀላፋው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡብኝ። ጾም የተፈታላት በጨጓራ መቼ ሆነና! ሦስት ልጅ የወለድኩ ሴት፣ ዓይኔን ምን ጋረደው? እኛ አገር እርግዝና አይወራም። ዓይን ይፈራል፣ ምላስ ይፈራል፤ ሆዷ ራሱ እስኪናገር ሴት ዝም ትላለች፤ ዝም ያለችበትን ምክንያት ሲጠይቋት ደግሞ ምን ትላለች? ጨጓራዬ ነው ትላለች። እኔም ከሦስቱ ልጆቼ ሁለቱን በዚሁ ዘዴ ነው የደበቅኳቸው።

ሽማግሌው ስልኩን ወደኔ ገፋልኝ። ደወልኩ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳ የለም። አልጮኸብኝም። መሳቢያ ውስጥ የጣልኩትን ዓይነት ሌላ ወረቀት አውጥቶ የመድኃኒቱን ስም አሰመረበትና «አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት፤ ይህንን አሳዪያቸው፤ ስንት እንደዋጠችና በስንት ሰዓት እንደሆነ ንገሪያቸው» አለኝ።

ወጥ ቤቱን ማን ይክፈተው ሳልል መኪናዬን አስነሳሁ። ዌስትቼስተር አካባቢ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ፍሪዌዩ ተዘጋግቶ ቆመ፤ አውሮፕላኖቹ ከራሴ በላይ እያጓሩ ያርፋሉ፣ እኔ ንቅንቅ የለም። ያኔ እንደዛሬው በእጅ የሚያዝ ስልክ የት አለ? መሪውን እየደበደብኩ እመቤቴን ለመንኩ፣ ወዲያው ደግሞ በጾም ምድር ከፊቴ ያለውን ነጂ የማይሰደብ ስድብ ሰደብኩት። የአንዲት እናት ልጅ በኔ እጅ ሊጠፋ ነው። ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

ሎንግ ቢች ስደርስ መኪና የማይቆምበት ቀይ መስመር ላይ ፓርክ አድርጌ ደረጃውን በዚያ ጉልበቴ ወጣሁት። ብዙ ካንኳኳሁ በኋላ ግድግዳ ተደግፋ ከፈተችልኝ። ባሏ ሥራ ነው። መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ፣ እግሯን የምታሳርፍበት ትራስ ተቆልሎበታል። ስልኩ ሲጠራ ሰምታ ለመነሳት ፈርታ ነው ያላነሳችው።

«እትዬ» አለችና እንባዋ ቀደማት። «ሦስተኛ ወሬን ጨርሼ ነበር። ትናንት አውቶቡስ ውስጥ ቁርጠት ጀመረኝ፤ ዛሬ ጠዋት ደም አየሁ። ሱዳን እንዲሁ አንድ ሄዶብኛል። ያኔ ለሰው ሁሉ ተናግሬ ነበር፤ አሁን ግን ወላሂ ከባሌ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።»

«ማታስ? ሁለተኛዋን ዋጥሻት?»

«የቱን?» አለችኝ፤ ረስታዋለች። «ኪኒኗን? አይ። ቁርጠቱ ምግብ ስለከለከለኝ፣ እርስዎ ከምግብ ጋር ስላሉኝ ተውኳት።»

እግዚአብሔር ይስጠው ሽማግሌውን አልኩ በልቤ። ፎጣ አቀበልኳት፣ ነጠላ ጫማዋን አጠለቅኩላት፣ ልሸከማት ምንም ሳይቀረኝ ደግፌያት ወረድን። መኪና ውስጥ ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋ «በጾሜ ነው» ትላለች። «አላህ ተቆጥቶኝ ነው። ጥቂት እንኳ ብሞክር ኖሮ። ሰውም ዋሸሁ፣ ጨጓራ ነው አልኩ።» ደጋግማ እንዲህ እያለች አለቀሰች።

እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ጊዜ ልነግራት ይገባ ነበር፤ አልነገርኳትም። ዝም ብል ማንም አያውቅም የሚል ሐሳብም መጥቶብኛል፤ መጥቶ አልፏል ብል ደስ ባለኝ፣ ግን እስከ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ አብሮኝ ነበር። ያቺ ልጅ በራሷ ላይና በፈጣሪዋ ላይ ስታላክክ እኔ መብራት እያየሁ ድራይቭ አደርጋለሁ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ኢመርጀንሲ ያገኘችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። የልጅቷ እንግሊዝኛ ገና ስለሆነ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። መቼ ጀመረ? ጠየቅኳት፣ ነገርኳት። ስንተኛ እርግዝናዋ ነው? ጠየቅኳት፣ ነገርኳት። ከዚያ ሐኪሟ ብዕሯን ይዛ «የወሰደችው መድኃኒት አለ?» አለች።

ልጅቷ አልጋው ላይ እንዳለች ወደኔ አየች። «ምን አለች እትዬ?»

ይህን ጥያቄ ለማን ልተርጉመው? ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁና ለሐኪሟ ሰጠኋት። «አንድ ኪኒን። ትናንት፣ እኩለ ቀን ሲሆን። የኔን መድኃኒት እኔ ነኝ የሰጠኋት፤ አልፈልግም ብላኝ ነበር» አልኩ። ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ ወዲያው ነርስ ጠራች። እኔም ዞሬ ያንኑ በአማርኛ ደገምኩት። «አላህ አልተቆጣሽም። ጾምሽም አይደለም። ያ ኪኒን ለእርጉዝ የተከለከለ ነው፤ ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ» አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልውጣ ብዬ እጀታውን ስይዝ ግን፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «አይሂዱ። ምን እንደሚሉ ማን ይነግረኛል?» አለች። ቆምኩ።

ሆዷ ላይ ቅባት ቀብተው መሣሪያውን አሳረፉ። ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረችው፤ ሞተናል አልኩ። ከዚያ አንድ ቁልፍ ስትጫን ክፍሉን ድምፅ ሞላው፤ እንደ ልብስ ስፌት መኪና የሚፈጥን፣ የማያቋርጥ። ይህን ማስተርጎም አላስፈለገም። ልጅቷ አፏን በክንዷ ሸፍና ጮኸች፤ እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ልቡ ደህና ነው» አለች ሐኪሟ። «ማኅፀኗ አልተከፈተም፤ ደሙም ትንሽ ነው። እዚህ እናቆያታለን።»

«ሌላውስ? አካሉስ?»

«መድኃኒቱ አዲስ ነው፤ የዋጠችውም አንድ ብቻ ነው። ተስፋ አለኝ፤ ቃል ግን አልገባም። እየተከታተልን እናያለን።»

ይህንንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩላት። እኔ ነገር ሳላሳምር ያወራሁበት ቀን ቢኖር ያ ነው። ባሏ በሥራ ጫማው ሲሮጥ ሲመጣ በር ላይ ጠብቄ ለሱም ነገርኩት። ግድግዳውን ይዞ «ልጁ አለ?» አለኝ። «አለ» ስለው አልፎኝ ገባ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሰላምታዬን አልመለሰልኝም፤ ልክ ነው፣ አልፈረድኩበትም።

ከሳምንት በኋላ ስልክ ደወለች። እንዴት ነዎት የለም፣ ምን የለም። «እትዬ፣ ሐሙስ አፖይንትመንት አለኝ» አለችኝ። እኔም ሐሙስ ሎንግ ቢች ተገኘሁ። እንዲህ እያልን እስከ ጥቅምት ድረስ ባለው ቀጠሮ ሁሉ አብሬያት ገባሁ። በየቀጠሮው ከማስተርጎሙ በላይ የራሴን ጥያቄ እጠይቅ ነበር፤ እጁስ ይታያል? እግሩስ? ከንፈሩስ? ሐኪሟ መልሳ መልሳ ደህና ነው ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ በሚቀጥለው እንደገና እጠይቃለሁ። ልጅቷ አልጋው ላይ ሆና ታየኛለች።

ፌርፋክስ ላይ ግን ስሜ ወጣ። አንዱ ጨጓራዬ ነደደ ብሎ ሲመጣ «ሐኪም ጋ ሂድ» እለዋለሁ። «አንዲት ፍሬ ኪኒን ነው እኮ፣ ምን ትሰስቻለሽ!» ይሉኛል። ንፉግ ይበሉኝ። መድኃኒቴን ወደ ጠርሙሱ መልሼ፣ ስሜ የተጻፈበትን ጎን ወደ ውጭ አድርጌ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ሽማግሌው ፋርማሲስት ልጁ እንዳለ ስነግረው መነጽሩን ሲጠርግ ብዙ ቆየ።

ወንድ ልጅ ተገላገለች። አጥሚት በፔርሙስ ይዤ ክፍሏ ስገባ ባሏ ተነስቶ ወንበሩን ሳበልኝ፤ «ይቀመጡ» አለኝ። ተቀመጥኩ እንጂ አልተጠጋሁም። ሕፃኑ እስከ አገጩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እቅፏ ውስጥ ተኝቷል፤ ፊቱ ብቻ ነው የሚታየው፤ እኔ ከዚያ በታች ያለውን ለማየት አንገቴን ሳሰግግ ዓይናችን ተጋጠመ። አፍሬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«እትዬ፣ ይምጡ» አለችኝ።

ቀስ ብላ ብርድ ልብሱን ፈታችው፤ እጆቹን አወጣች፣ እግሮቹን አወጣች። ልጁ ብርድ ሲነካው ተነጫነጨ። ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና «ጣቶቹን ይቁጠሩ» አለችኝ። «እኔ ቆጥሬያለሁ፤ እርስዎም ቆጥረው ይረፉ።»

እንባዬ እያወከኝ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ከአንድ ጀመርኩ። እሷም ሳትቸኩል ጠበቀችኝ።